ምዕራፍ አራት፦ አምስት ድምፅ በአሥራ ሁለት ቁልፍ ላይ

ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት ጥቂት እንደሄዱ የሙዝ ማሳ ይጀምራል። በስተቀኝ አባያ ሐይቅ፣ በስተግራ ደግሞ ቀጥ ብለው የሚነሡት የጋሞ ደጋ ተራሮች አሉ፤ ጫኖ በሁለቱ መካከል ቆላው ላይ ተዘርግታለች። እዚህ የሚኖር ወጣት በኮምፒውተር ሙዚቃ መሥራት ቢያምረው ዕቃው ያን ያህል አይቸግረውም። ያገለገለ ላፕቶፕ፣ የጆሮ ማዳመጫና ከጓደኛ በፍላሽ የተገለበጠ ሶፍትዌር ካገኘ መጀመር ይችላል፤ መብራት ሲጠፋም ባትሪው እስከቻለ ድረስ ይሠራል። የሚቸግረው ትምህርቱ ነው። በቪዲዮ የሚያገኛቸው አስተማሪዎች ሁሉም ማለት ይቻላል ከዶ ሜጀር ይነሣሉ። ከዚያ ሦስት አራት ኮርድ ያሳዩታል፤ ከሥር በአራት የሚቆጠር ከበሮ ያስገቡለታል። ልጁ የታዘዘውን ያደርጋል፤ የሠራውም ደህና ነው። ነገር ግን በመስቀል ሰሞን እየሰማው ያደገውን የአገሩን ዜማ እላዩ ላይ ሊያስቀምጥ ሲሞክር ሁሉም ይፈርስበታል። ኮርዱ ዜማውን ወደማይፈልገው ቦታ ይገፋዋል፤ ከበሮውም መሐል ላይ ይቆርጠዋል።

እዚህ የደረሰ ተማሪ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ይደመድማል፤ ወይ «ቲዎሪ ለእኔ አይሆንም» ይላል፣ ወይ «የእኛ ዜማ ለኮምፒውተር አይመችም»። ሁለቱም ስህተት ነው። ሶፍትዌሩ ሲከፈት ፊታችን የሚደረደረው ነገር፣ የቁልፉ ብዛት፣ የምቱ አቆጣጠር፣ የድምፁ ልክ፣ ሁሉም አንድ ቀን አንድ ቦታ ሰዎች የወሰኑት ነው። ቲዎሪ የምንማረው እነዚህን ውሳኔዎች ለይተን ለማወቅ፣ ከዚያም የሚስማማንን ይዘን የማይስማማንን ለመቀየር ነው። ይህ ከገባን ከዶ ሜጀር መነሣት ግዴታ አይሆንም፤ ከጫኖም መነሣት ይቻላል።

ውሳኔዎቹን እንያቸው። ኤብልተን ላይቭ የተባለው ሶፍትዌር አዲስ ሥራ ሲከፍት ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ምት፣ አቆጣጠሩም አራት በአራት ሆኖ ይጠብቃል። ኤፍኤል ስቱዲዮ ለእያንዳንዱ ከበሮ አሥራ ስድስት ትንንሽ ቁልፍ በአራት በአራት ከፋፍሎ ያቀርባል። ዜማ የሚጻፍበት ሰሌዳ፣ ፒያኖ ሮሉ፣ በእያንዳንዱ ኦክታቭ ውስጥ 12 ቁልፍ አለው፤ በጎረቤት ቁልፎች መካከል ያለው ርቀትም ሁልጊዜ እኩል ነው። የድምፁ መለኪያ ላ 440 ኸርዝ ነው፤ ይህን ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1975 (የምዕራፉ ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) መስፈርት አድርጎ ያጸናው ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ነው። ኪቦርድና ኮምፒውተር የሚግባቡበት ሚዲ የተባለው ሥርዓት ደግሞ በ1983 ለሕዝብ ቀረበ፤ ከዋና አነሣሾቹ መካከል አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝና ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ ይገኛሉ። ሚዲ ድምፆችን ከ0 እስከ 127 ይቆጥራል፤ መካከለኛው ዶ 60 ነው። ሥርዓቱ የታሰበው በፒያኖ ቁልፍ ለሚያስብ ሙዚቀኛ በመሆኑ ለዚያ ሙዚቀኛ ግሩም ሆኖ ያገለግላል። እኛም እንገለገልበታለን፤ የተሠራበትን ልክ ግን እናውቃለን።

ኖታ ማንበብ ለጊዜው ይቆይ። ጠቃሚነቱን አልክድም፤ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚያስብ ወይም ከኦርኬስትራ ጋር ሊሠራ የሚፈልግ ሰው ሳይውል ሳያድር መጀመር አለበት። በላፕቶፕ ለሚሠራ ጀማሪ ግን መቁጠር መቻል ይበልጥ ይቀድማል። ፒያኖ ሮሉን ክፈቱና አንድ ቁልፍ ምረጡ። ይህ ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ ስለሆነ ማረፊያ እንበለው፤ ቁጥሩ 0 ይሁን። ከዚያ ነጩንም ጥቁሩንም ሳትዘሉ ወደ ላይ ቁጠሩ። እያንዳንዱ እርምጃ ግማሽ ድምፅ ይባላል። 12 ላይ ስትደርሱ ያንኑ ማረፊያ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ።

በዚህ ቆጠራ ቅኝት የምንላቸውን የአገራችንን ስኬሎች እንጻፋቸው፤ ትዝታ ሜጀር 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9 ነው። ትዝታ ማይነር 0፣ 2፣ 3፣ 7፣ 8 ነው። ባቲ ሜጀር 0፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11፤ ባቲ ማይነር 0፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10፤ አምባሰል 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8፤ አንቺ ሆዬ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9 ነው። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ላፕቶፑ አጠገብ ለጥፉ። ማረፊያውን ከፍ ዝቅ ብታደርጉትም ቁጥሮቹ አይለወጡም፤ ዘፋኝ «ይህ ከፍታ አልተመቸኝም» ሲል ሥራውን ከመጀመሪያ ማፍረስ የማያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሁን አንድ ነገር ሞክሩ። ትዝታ ሜጀርን ከዶ ስትጀምሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ታገኛላችሁ። በእነዚህ አምስት ቁልፎች አንድ አጭር ዜማ ጻፉና እየደጋገመ እንዲጫወት አድርጉት። ከሥሩ በቤዝ ዶን ረዘም አድርጋችሁ ያዙ፤ ትዝታ ነው። ዜማውን ሳትነኩ ቤዙን ወደ ላ አውርዱት። ከላ ተነሥታችሁ እነዚያኑ ቁልፎች ብትቆጥሩ 0፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10 ይመጣል፤ ባቲ ማይነር ውስጥ ገብታችኋል። አንድም የዜማ ኖት አልተለወጠም፣ ስሜቱ ግን ሌላ ሆኗል። በሌላም ጥንድ መሞከር ይቻላል። ትዝታ ማይነርን ከፋ ብትጀምሩ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት ይሆናል። ማረፊያውን ወደ ዶ ብታዛውሩት 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8 ይሆናል፤ አምባሰል ማለት ነው። ቅኝትን ቅኝት የሚያደርገው የቁልፎቹ ስብስብ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ዜማው የት ያርፋል፣ የቱን ድምፅ ያስረዝማል፣ የትኛውን ነክቶ ያልፋል የሚለው ከስብስቡ እኩል ይቆጠራል። ብዙ ሶፍትዌሮች ውስጥ ከተመረጠው ስኬል ውጭ ያሉትን ቁልፎች የሚያደበዝዝ ወይም የሚዘጋ መሣሪያ አለ፤ ይጠቅማል፣ ነገር ግን ማረፊያውን አይመርጥላችሁም። ያንን የሚመርጠው ቤዙ፣ የሐረጉ መጨረሻና የጆሯችሁ ፍርድ ነው።

ወደ ኮርድ እንለፍ፤ የመጀመሪያው ብልሽት የተፈጠረው እዚያ ነበርና። ሜጀር ኮርድ 0፣ 4፣ 7 ነው፤ ማይነር ኮርድ 0፣ 3፣ 7። እነዚህን ሁለት ቅርጾች በእያንዳንዱ ቅኝት ውስጥ ፈልጉ፤ ከቅኝቱ ውጭ ድምፅ ሳትበደሩ ስንት ኮርድ እንደሚገኝ ቁጠሩ። በትዝታ ሜጀር ውስጥ ሁለት ብቻ አሉ፤ ዶ ሜጀርና ላ ማይነር። በትዝታ ማይነርም ሁለት፣ በሁለቱም ባቲዎች ሁለት ሁለት። በአራቱም ቅኝቶች ከሁለቱ አንዱ ማረፊያው ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ትዝታና ባቲ በኮርድ ሲታጀቡ የቤት ኮርድ አላቸው፤ ዜማው ሲያርፍ አጀቡም አብሮ ያርፋል።

አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን ይህ የላቸውም። አምባሰልን ከዶ ብትጀምሩ የምታገኟቸው ሁለት ኮርዶች ፋ ማይነርና ሬ ፍላት ሜጀር ናቸው፤ ዶ ላይ የሚቆም ኮርድ የለም። አንቺ ሆዬ ከዚህም ይጠነክራል። በዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ውስጥ ያሉት ኮርዶች ፋ ሜጀርና ከእሱ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚርቀው ሶል ፍላት ማይነር ናቸው። ማረፊያው ዶ ሜጀርም ማይነርም ኮርድ ሊያቆም አይችልም፤ ከእሱ በላይ 7ኛው እርምጃ ላይ ድምፅ እንኳ የለም። አራት ኮርድ ተምሮ የመጣው ልጅ አንቺ ሆዬ ላይ ዶ ሜጀርን ሲጭን ሚን እና ሶልን ከውጭ አስገብቶ ቅኝቱን በገዛ እጁ እየሰበረ ነው። ዜማው አልተበላሸም፣ ልጁም አልደነቆረም፤ ያልነበረ ነገር ተጨምሮበት ነው።

ታዲያ እንዴት ይታጀብ? ለአምባሰል ማረፊያውንና 7ኛውን እርምጃ፣ ዶን ከሶል ጋር፣ በረጅሙ መያዝ ይበቃል። ለአንቺ ሆዬ ማረፊያውን ከ5ኛው እርምጃ፣ ዶን ከፋ ጋር ያዙ። ከዚያ በላይ መሄድ የሚፈልግ ሰው የሙላቱ አስታጥቄን መንገድ ያጥና። ጅማ የተወለደው ሙላቱ ቦስተን በርክሊ የተማረ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ የጀመረውና በኋላ ኢትዮ ጃዝ ብሎ የሰየመው ሥራ መሠረቱ ይኸው ጥያቄ ነው፤ አምስቱን ድምፅ ከአሥራ ሁለቱ ጋር፣ የአምስቱ ጠባይ ሳይጠፋ፣ እንዴት ማገናኘት ይቻላል? በእሱ ሥራዎች ውስጥ ቤዙን ብቻ ለይታችሁ አዳምጡ፤ ብዙ ጊዜ አንድ አጭር ሐረግ እየደጋገመ ማረፊያውን ያስከብራል፤ ኮርዱ ወደ ውጭ ሲወጣ የሚያስመልሰው እሱ ነው።

እስከዚህ ያየነው አንድ ዜማና አጀቡ ነው። በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲዘፍን ባብዛኛው ሁሉም የሚከተሉት አንድ ዜማ ነው፤ ቅኝት በሚያስተምሩ ጽሑፎች ውስጥ ስለ ብዙ ድምፅ ዝማሬ ብዙ የማናገኘውም ለዚህ ይመስለኛል። የጫኖ ልጅ ግን ቀና ብሎ ደጋው ላይ ወዳለችው ጨንቻ ቢመለከት ሌላ ትምህርት ቤት አለው። የዶርዜና የአካባቢው የጋሞ ደጋ ሰዎች በብዙ ድምፅ ይዘፍናሉ። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ ዣኮብ በ1970ዎቹ ዶርዜ ውስጥ የቀረጸው ዝማሬ በ1977 ፈረንሳይ ውስጥ በሸክላ ታትሟል። ሸክላውን ማግኘት ባይቻልም ጉዳት የለውም፤ ዘፈኑ ዛሬም በሠርግ፣ በለቅሶና በመስቀል በዓል ይሰማል፤ ዶርዜ ሸማኔዎች ወደሚኖሩበት አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳም አብሯቸው ሄዷል።

ዝማሬው ለሚያዳምጥ ሰው መጀመሪያ አንድ ትልቅ ድምፅ ይመስላል። ደጋግማችሁ ስትሰሙት ይገነጠላል። አንዱ ግጥሙን እየመራ ይሄዳል። ሌሎቹ ግጥም በሌለው ድምፅ የየራሳቸውን አጭር ሐረግ ይዘው ይደጋግሙታል፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይተነፍሳል፣ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ታች ይቆያል። ማንም ብቻውን ሙሉ ዜማውን አልያዘም። በኮምፒውተር ሙዚቃ ለሠራ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ ርዝመታቸው የተለያየ፣ መግቢያቸው የተለያየ አጫጭር ሉፖች እርስ በርስ ሲጠላለፉ ማለት ነው። ጀማሪዎች ሉፕ ሲሠሩ ሁሉንም በአንድ ቅጽበት አስጀምረው በአንድ ቅጽበት ያስጨርሳሉ፤ ሥራቸው ቶሎ የሚሰለቸው በዚህ ምክንያት ነው። የደጋው ዘፋኝ ይህን ስህተት አይሠራም።

እንዲህ ተለማመዱት። በትዝታ ሜጀር አምስት ትራክ ክፈቱ፤ ለሁሉም ቀለል ያለ፣ ሰው ድምፅ የሚመስል ሲንተሳይዘር ስጧቸው። የመጀመሪያው ስምንት ምት የሚፈጅ መሪ ዜማ ይያዝ። ሁለተኛው ሁለት ድምፅ ብቻ ይኑረው፤ መሪው ሲያርፍ እሱ ይግባ። ሦስተኛው ከማረፊያው ሳይርቅ ታች ይቆይ፤ ርዝመቱን ስምንት ሳይሆን ስድስት ምት አድርጉት። በስድስት የሚዞረውና በስምንት የሚዞረው እንደገና እኩል የሚነሡት ከ24 ምት በኋላ ነው፤ ጆሮ እስከዚያ ድረስ አዲስ መገጣጠም ሲሰማ ይቆያል። አራተኛውንና አምስተኛውን ለእናንተ ትቻለሁ።

ይህን ልምምድ በትዝታ ሜጀር እንድትጀምሩ ያልኩት በምክንያት ነው። በዚህ ቅኝት ውስጥ፣ በባቲ ማይነርም እንዲሁ፣ በግማሽ ድምፅ የሚቀራረቡ ጎረቤቶች የሉም። ስለዚህ ከአምስቱ ማናቸውም ሁለት ድምፆች በአንድ ጊዜ ቢወድቁ ሻካራ ግጭት አይፈጠርም፤ ድምፆቹ እንደፈለጉ ይንቀሳቀሳሉ። በቀሩት በአራቱ ቅኝቶች ግን እንዲህ ያሉ ጎረቤቶች በእያንዳንዱ ሁለት ጥንድ አሉ። በአምባሰል 0 ከ1 ጋር፣ 7 ከ8 ጋር ይጎራበታሉ፤ በአንቺ ሆዬ 0 ከ1፣ 5 ከ6 ጋር። በእነዚህ ቅኝቶች ብዙ ድምፅ ስትጽፉ ጎረቤታሞቹ ጠንካራው ምት ላይ አብረው እንዳይወድቁ ጠብቁ፤ ወይም አንዱን ኦክታቭ ከፍ አድርጋችሁ አራርቋቸው። መጋጨታቸውን ፈልጋችሁት ከሆነ ደግሞ ተዉት፤ አውቃችሁ ያደረጋችሁት ግጭት ሙዚቃ ነው።

ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ፣ ጊዶሌ ላይ፣ የደራሼ ሰዎች ፊላ የሚባለውን ይነፋሉ። ፊላ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ዋሽንቶች ናቸው፤ እያንዳንዱ ነፊ አንድ ወይም ጥቂት ድምፅ ብቻ ይዞ በተራው ይነፋል፤ ዜማው የሚወለደው ከብዙ ሰው ትንፋሽ ቅብብል ነው። እምቢልታም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል። ይህን በኤፍኤል ስቱዲዮ የስቴፕ ሰሌዳ ላይ መሥራት ደስ ይላል። ለእያንዳንዱ የቅኝቱ ድምፅ አንድ ረድፍ ስጡ፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ረድፍ በላይ እንዳይበራ አድርጋችሁ ነጥቦቹን በትኑ። ከዚያ ረድፎቹን ግራና ቀኝ አራርቁ፤ ፊላ ነፊዎች እየዞሩ ስለሚጨፍሩ ድምፁ ከብዙ አቅጣጫ ይመጣልና። ከዜማ ይልቅ ስለ ቦታ ማሰብ የምትጀምሩት እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ብልሽት የምቱ ነበር። አራት በአራት ከአሥራ ስድስት ነጥብ ጋር ሲመጣ እያንዳንዱ ምት በአራት ይከፈላል። ችክችካ ግን፣ ሌሎችም ብዙ የአገራችን ምቶች፣ እያንዳንዱን ምት በሦስት ይከፍላሉ። በደቂቃ 120 ምት ሲሆን አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በአራት ሲከፈል እያንዳንዱ ክፍል 125፣ በሦስት ሲከፈል ወደ 167 ሚሊሰከንድ ይሆናል። የ42 ሚሊሰከንድ ልዩነት በቁጥር ትንሽ ትመስላለች፤ ጭፈራ ላይ ግን ትከሻን የምታስት እሷ ናት። መፍትሔው ሶፍትዌሩን በአንድ ምት ውስጥ ሦስት ነጥብ እንዲኖረው ማስተካከል ነው፤ ሰሌዳው ከ16 ወደ 12 ይወርዳል። አሁን አንዱን ከበሮ በ1፣ 4፣ 7፣ 10 ላይ፣ ሌላውን በ1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 11 ላይ አድርጉ። የመጀመሪያው አራት ጊዜ ሲመታ ሁለተኛው ስድስት ጊዜ ይመታል፤ ጆሮ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይሳባል። እጃችሁ የመጀመሪያውን እያጨበጨበ እግራችሁ ሁለተኛውን መርገጥ እስኪችል ድረስ ሌላ ነገር አትጨምሩ።

ከበሮ ማሽን ቅኝትን ይገድላል የሚል ክርክር አልፎ አልፎ ይሰማል። ኃይሉ መርጊያ ይህን ከአርባ ዓመት በፊት መልሶታል። ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ እዚያው የቀረው ኃይሉ በ1985 ያወጣው ካሴት በከበሮ ማሽን፣ በሲንተሳይዘርና በሮድስ ፒያኖ ላይ አኮርዲዮን የደረበ ነው፤ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰምቶታል። ምቱ የማሽን ነው፤ አኮርዲዮኑ ግን ከምቱ ትንሽ ቀደም ወይም ዘግየት እያለ እንደ ዘፋኝ ይተነፍሳል። ከእሱ በኋላ የመጡት፣ ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ፣ በ2016 «ዘላለም»ን ያወጣው ሚካኤል ሰይፉ፣ በ2018 በ«ነጸብራቅ» ሺዎችን ያስጨፈረው ሮፍናን፣ እያንዳንዳቸው ለዚሁ ጥያቄ የራሳቸውን መልስ ሰጥተዋል። ከሦስቱም አንድ አንድ ሥራ መርጣችሁ ምቱ በሦስት ይከፈላል ወይስ በአራት፣ ዜማው የት ያርፋል፣ ቤዙስ የት ይቆማል ብላችሁ በወረቀት መልሱ። ይህ የአንድ ሰዓት ሥራ ከብዙ ቪዲዮ ይበልጣል።

ስለ ድምፁ ልክ ጥቂት ልጨምር። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ግማሽ ድምፅ በ100 ሴንት ይለካል፤ ኦክታቩ 1200 ሴንት ነው። ይህ እኩልነት እንደ ልባሽ ጫማ ነው፤ ለሁሉም ይጠልቃል፣ ለማንም በልኩ አልተሰፋም። ያለ መሣሪያ አብረው የሚዘፍኑ ሰዎች ድምፅ ሲያስረዝሙ ጆሯቸው ወደ ንጹሑ ልክ ይስባቸዋል። አምስተኛ የሚባለው፣ በእኛ ቆጠራ 7ኛው እርምጃ፣ ንጹሕ ሲሆን 702 ሴንት ነው፤ የኮምፒውተሩ 700 ስለሆነ ልዩነቱ አይሰማም። ሜጀር ሦስተኛ የሚባለው፣ በእኛ ቆጠራ 4ኛው እርምጃ፣ ንጹሕ ሲሆን ግን 386 ነው፤ የኮምፒውተሩ 400። የ14 ሴንት ልዩነት በረጅም ድምፅ ላይ በግልጽ ይሰማል፤ ድምፁ እንደ መንቀጥቀጥ ያደርገዋል። ክራር በጆሮ ስለሚቃኝና ማሲንቆ ላይ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ምልክት ስለሌለው ድምፃቸው በቁልፎቹ መካከል ቢወድቅ አያስገርምም። በኤፍኤል ስቱዲዮ ፒያኖ ሮል ውስጥ እያንዳንዱን ኖት ለብቻው በሴንት ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ በ2024 የወጣው ኤብልተን ላይቭ 12 ደግሞ የድምፁን ልክ ከነጭራሹ መቀየር ይፈቅዳል። የቀረጻችሁት ክራር ከሲንተሳይዘሩ ጋር አልገጥም ሲል ክራሩን በማስተካከያ ሶፍትዌር ወደ ቁልፉ አትጎትቱት። ሲንተሳይዘሩን ወደ ክራሩ አምጡት።

ይህ ሁሉ ወደ ሥራ የሚገባው ቀረጻ ሲኖር ነው። የመስቀል ሰሞን ቆላ ያለው ዘመድ ወደ ደጋ ይወጣል፤ ለመቅረጽ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ፤ ድምፃቸው የት እንደሚውልና ገቢ ከተገኘ እንዴት እንደሚካፈሉ በግልጽ ንገሯቸው። ስልኩን ጥሪ እንዳያቋርጣችሁ ከኔትወርክ አውጡት። መላውን ዝማሬ አንዴ ከመሐል ቅረጹ፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ስልክ ካለ እያንዳንዱን ለአንድ ዘፋኝ አስጠግታችሁ እንደገና ቅረጹ፤ ድምፆቹን ለይቶ ለመስማት ያስችላል። ለሁሉም ቀረጻ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ፤ በኋላ በኮምፒውተር ላይ የምታገጣጥሟቸው በዚያ ጭብጨባ ነው።

የሰው ዝማሬ እየሞቀ ሲሄድ ይፈጥናል፤ በ96 ተነሥቶ በ108 ሊጨርስ ይችላል። ሶፍትዌሩ ይህን ወደ አንድ ፍጥነት ሊያቃና ይጋብዛችኋል። እምቢ በሉት። በየሐረጉ መነሻ ላይ ምልክት አድርጉና የሥራው ፍጥነት በእነዚያ ምልክቶች እንዲሄድ እዘዙት፤ ከበሮውም ቤዙም ዘፋኞቹን ተከትለው ይፈጥናሉ። ሥራው ሲያልቅ ወደ ደጋው ይዛችሁት ውጡና እያንዳንዱ ዘፋኝ የራሱን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ይስማ። «እዚህ ጋ እኔ ቀድሜ ነው የምገባው፣ አንተ አዘገየኸኝ» ካላችሁ ነጥቡን ቀደም ብሎ እንዲገባ አንቀሳቅሱና እንደገና አሰሙት።